ያውቁ ኖሯል? የሴት ስም ከሰባታሚት እስከ ጥንታዊት ቻይና

ያውቁ ኖሯል? ባሕር ዳር አጠገብ ባለችው ሰባታሚትና በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች አንዲት ሴት ከልደቷ እስከ ቀብሯ አራትም አምስትም ስም ሊኖራት ይችላል። እናትና አባቷ ያወጡላት መጠሪያ አለ፤ ካህኑ የሚሰጣት የክርስትና ስም አለ፤ ስትዳር አማቷ የምታወጣላት አለ፤ ከወለደች በኋላ «የእገሌ እናት» ትባላለች፤ በስተርጅና ከመነኮሰች ደግሞ የምንኩስና ስም ይጨመርላታል። ወንድሟ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ስም ኖሮ በሁለት ስም ይቀበራል።

በብዙ የአማራ ገጠር ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ጎረቤት የሕፃኑን ጾታ የሚያውቀው ደጃፍ ሳይረግጥ እልልታውን ቆጥሮ ነው።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና የምትነሣበት ምክንያት በመጽሐፈ ኩፋሌ ተጽፏል፤ አዳም ገነት የገባው በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ነው ይላል። የኦሪት ዘሌዋውያን የመንጻት ሕግም ይህንኑ ቁጥር ይከተላል። ኩፋሌ ደግሞ ሙሉ ሆኖ እስከ ዘመናችን የደረሰው በግእዝ ብቻ ነው።

የሴት የክርስትና ስም በአብዛኛው በ«ወለተ» ይጀምራል፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ጊዮርጊስ። «አመተ» የሚለውም አለ፣ አገልጋይ ለማለት። ለወንዱ «ገብረ» እና «ወልደ» ናቸው። ይህን ስም ማንም እየጮኸ አይጠራውም። ክፉ ሰው ሰምቶ መተት ያሠራበታል የሚል ፍርሃት ስላለ ከቤተ ዘመድና ከነፍስ አባት ውጭ አይወጣም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ጎረቤታሞች አንዷ የሌላዋን የክርስትና ስም የምትሰማው ካህኑ ፍትሐት ላይ ሲጠራው ሊሆን ይችላል።

ከባሕር ዳር ጣናን በምሥራቅ በኩል ይዘው ወደ ሰሜን ቢወጡ ቆራጣን ያገኛሉ። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም እዚያ ነው። ቅድስቲቱ የተወለደችው በ1592 እ.ኤ.አ. ነው። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከአፄ ሱስንዮስ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ባሏም ከንጉሡ ጋር ቆመ፤ እሷ ቤቱን ጥላ ወጣች፣ መነኮሰች፣ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና እየዞረች አስተማረች። ለንጉሡ ፍርድ ቀርባለች፣ ተግዛለች። በስደትና በመንከራተት መካከል ሰባት ማኅበራት መሠረተች። በ1642 እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች፤ ገድሏ የተጻፈው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 ነው። አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። «ወለተ ጴጥሮስ» ማለት የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው፤ የጴጥሮስ የተባለው ሐዋርያው እንጂ የሥጋ አባቷ አይደለም። የሥጋ አባቷ ባሕር ሰገድ ይባላል። ገድሉ እናቷንም አልዘለላትም፤ ክርስቶስ ዕብያ ትባላለች። ምድራዊ ማዕረግ ሁሉ በባልና በአባት ይቆጠር በነበረበት ዘመን የእናትን ስም ጽፎ ለእኛ ያቆየ ጸሐፊ ባለውለታችን ነው እላለሁ። አብራት የመነነችውን ጓደኛዋን እኅተ ክርስቶስንም በስሟ እናውቃታለን።

በዚያው በጣና፣ በደቅ ደሴት ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ አለ። ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍታ የምትታየውም እሷው ናት። ይህች ሴት ሦስት ስም ነበራት። ከቋራ የመጣችበትና ሕዝቡ የሚጠራት ምንትዋብ ነው፤ ውበቷን ያየ ሁሉ የሚለው ቃል። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስሟ ብርሃን ሞገሳ። በ1730 እ.ኤ.አ. ባሏ አፄ በካፋ ሲሞት ልጇ ኢያሱ ሕፃን ነበርና ዘውድ ጭና አብራው ነገሠች። የዘውድ ስም በአብዛኛው የወንድ ነገሥታት ልማድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 አካባቢ ጎንደር ሲገባ ቁስቋም ላይ አግኝቷታል።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው። ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም። እቴጌ መነን አስፋው እንደ ምንትዋብ ወለተ ጊዮርጊስ።

ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ስትነግሥ ማዕረጓ «እቴጌ» አልነበረም፤ እቴጌ የንጉሥ ሚስት ማዕረግ ነውና። «ንግሥተ ነገሥታት» ተባለች፤ ዙፋኑ የራሷ ስለነበር። «ወይዘሮ» የሚለውም ቢሆን ያገባች ሴት ሁሉ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የመሳፍንት ዘር ላላት ብቻ የሚሰጥ ክብር ነበር።

ስለ ሳባ ንግሥት ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ስሟን አይነግረንም። ማክዳ ያላት ክብረ ነገሥት ነው፤ ዐረቦቹ ብልቂስ ይሏታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰችው ሕንደኬም የግል ስሟ አልተጻፈም፤ ሕንደኬ የኑቢያ ንግሥቶች የማዕረግ መጠሪያ ነው።

አንዱ ወገን የአማርኛ የሴት ስም ሴትዮዋን ራሷን ያናግራታል። ጥሩነሽ፣ ወርቅነሽ፣ ብርሃነሽ፣ ዓለምነሽ እያሉ መጥራት በየቀኑ ማመስገን ነው። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ ሐዳር ውስጥ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት በውጭ አገር ሉሲ ስትባል እኛ ድንቅነሽ ያልናት በዚሁ ልማድ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ስለ እሷ ለሌላ ሰው ይናገራል፤ ተዋበች፣ ዘነበች፣ ላቀች፣ ታደለች። የአፄ ቴዎድሮስ እናት አትጠገብ ነበረች፤ የአፄ ምኒልክ እናት እጅጋየሁ። እጅጋየሁ የሚለው ስም በእኛ ዘመንም ከቻግኒ ተነሥቶ ዓለምን ዞሯል፤ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችን ጂጂ የምንላት።

ከሁሉ የምወዳቸው በ«እት» የሚጀምሩት ናቸው። እታፈራሁ፣ እታገኘሁ፣ እታለማሁ። «እት» እኅት ናት። ስሙ የሚናገረው በሕፃኗ ታላላቆች አንደበት ነው፤ እኅት አገኘሁ ይላል። ይህን ከቻይና ገጠር ጋር ያስተያዩት። እዚያ ለዘመናት ለሴት ልጅ ከሚወጡ ስሞች አንዱ «ዣዎዲ» ነበር፤ ወንድም ጥሪልን ማለት ነው። ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠራው ባልተወለደ ወንድሟ ጉጉት ነው። በእኛም አገር ወንድ ልጅ ይበልጥ ይፈለጋል፤ ሦስቱና ሰባቱ እልልታ ይመሰክራል። ሆኖም ሴት በመወለዷ የተደሰተ ቤት ደስታውን ስም አድርጎ አኑሮታል።

ያውቁ ኖሯል? በጎጃምና በጎንደር ገጠር ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላታል። አውጪዋ ብዙውን ጊዜ አማቲቱ ናት። ስሙ ምርቃትም ምኞትም ነው፤ ቤት እንዲሞላ፣ ልጅ እንዲወለድ፣ ከብት እንዲረባ። ከዚያ በኋላ የባሏ ወገን በሙሉ በዚያ ስም ይጠራታል፤ የወላጆቿ ወገን በድሮው ይቀጥላል። እሷም በበኩሏ ባሏን በስሙ አትጠራም። «እሳቸው» ትላለች፣ ወይም «የእገሌ አባት»። የባሏን ታላላቆች ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድምዓለም፣ እታለም ትላቸዋለች። ይህን ለማየት ከአንድ ቤት ርቀን መሄድ የለብንም። ሰባታሚት ውስጥ ጥሩነሽ የተባለች ልጅ አለች እንበል፤ ዐሥር ኪሎ ሜትር ርቃ ተዳረች፤ አማቷ የሺ አለቻት። የበኩር ልጇ አበበ ይባላል። ከሰዓት በኋላ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ጎረቤት «የአበበ እናት!» ብላ ትጣራለች። አማቷ ከደጅ ሆና «የሺ!» ትላለች። በዓመት በዓል የእናቷ ቤት ስትሄድ ደጃፍ ላይ «ጥሩዬ መጣች!» ይባላል። ቄሱ ጸሎት ሲያደርጉላት በወለተ ሥላሴ ነው። ሴትዮዋ ለአራቱም አቤት ትላለች፤ አንዱንም አልሳተችም።

ቆብ ስትጭን ደግሞ ሌላ ስም አለ። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ስትወለድ የውብዳር ትባል ነበር፤ በወጣትነቷ ግሸን ማርያም መነኮሰች፤ በ2023 ኢየሩሳሌም ዐረፈች። የዓለም ስሟ ቀርቶ የአባቷ ስም ገብሩ ግን እስከ መጨረሻው አልተለያትም። የጎጃሟ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽም እስከ ዛሬ የምትታወሰው ገላነሽ ሐዲስ ተብላ ነው፤ ሐዲስ አባቷ ናቸው።

ወደ ቻይና እንሻገር። ከ3,000 ዓመት በፊት፣ በዦው ነገሥታት ዘመን፣ የከበረ ቤት ሴት ልጅ ስሟ የሚሠራው ከሁለት ነገር ነበር፤ ስንተኛ ልጅ እንደሆነችና ከየትኛው ጎሣ እንደተወለደች። «መንግ ጂያንግ» ማለት የጂያንግ ጎሣ የመጀመሪያ ልጅ ማለት ነው። ምክንያቱ ጋብቻ ነው። የአንድ ጎሣ ልጆች መጋባታቸው ክልክል ስለነበር የሴቲቱ ጎሣ በስሟ ላይ በግልጽ መታየት ነበረበት። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንደርስበትን እነሱ ስሟ ላይ አሠሩት። የጎሣን ስም የሚያመለክተው የቻይና ፊደልም ዛሬ ድረስ በግማሹ የ«ሴት» ምልክት አለበት።

ከዚያ ዘመን የቀደመችው ፉ ሃዎ የምትባል ሴት ናት። የሻንግ ንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስት፣ ሠራዊት የመራች። «ፉ» ማዕረጓ፣ «ሃዎ» ስሟ ነው። መቃብሯ አንያንግ ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. ሳይነካ ተገኘ፤ ከ400 በላይ የነሐስ ዕቃ ወጣ፣ በአያሌው ላይ ስሟ ተቀርጿል። የጥንት ቻይና ሴት በራሷ ስም እንዲህ ጎልታ የታየችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ኋላማ ይህም ዕድል ጠበበ። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ፀጉሯ በወስፌ ተጠቅልሎ ለአቅመ ሔዋን መድረሷ ሲታወጅ የአክብሮት ስም ይወጣላታል፤ የልጅነት ስሟን ግን ከቤት ውጭ ባዕድ ሰው እንዲያውቀው አይፈለግም። ስታገባ የባሏ ቤተሰብ ስም ይቀድምና የአባቷ ይከተላል። ከሊ ቤት ተወልዳ ወደ ዋንግ ቤት የተዳረች ሴት በመዝገብ ላይ «ዋንግ ሊ ሽ» ናት፤ «ሽ» ማለት የዚያ ወገን ተወላጅ ማለት ነው። የራሷ ስም የለበትም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች በቤተሰብ የትውልድ መዝገብ የሰፈሩት እንዲህ ነው። ምሁሯ ባን ዣዎ እንኳ፣ ወንድሟ ሳይፈጽመው የሞተውን የሃን ሥርወ መንግሥት ታሪክ ጽፋ የፈጸመችው፣ በቤተ መንግሥት የምትጠራው በባሏ ቤተሰብ ስም ነበር።

ሮማውያንም እንደዚያው። የዩልዩስ ወገን ሴቶች ሁሉ ዩልያ ናቸው፤ እኅትማማቾች የሚለዩት ታላቋ ዩልያ፣ ታናሿ ዩልያ እየተባለ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያገባች ሴት በደብዳቤ ላይ «ሚስስ ጆን ስሚዝ» ተብላ ትጻፍ ነበር፤ ጆን ባሏ ነው። የጃፓን ሕግ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ያዛል፤ የራሳቸውን የሚለቁት በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው።

የእኛ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን አጽንቷል። በዚህ የሚመስለን አገር አይስላንድ ነው፤ እዚያም ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፣ የስልክ ማውጫውም በመጀመሪያ ስም ተራ ሲደረደር ኖሯል። በ1980 እ.ኤ.አ. የአይስላንድ ፕሬዚዳንት የሆነችው ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ስሟ «የፊንቦጊ ልጅ ቪግዲስ» ማለት ነው። በእኛ አገር ሣህለወርቅ ዘውዴ በ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆና ስትመረጥ ዘውዴ አባቷ መሆናቸውን ማንም አልጠየቀም፤ እናውቃለንና።

ውጭ አገር ግን ይህ ያምታታል። በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ2008 እ.ኤ.አ. ሯጯ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የውጭ ዘጋቢዎች ይጠሯት የነበረው «ዲባባ» እያሉ ነው። እኅቷ እጅጋየሁም በአቴንስ ብር ስታመጣ ዲባባ ነበረች፣ ታናሿ ገንዘቤም በሪዮ እንዲሁ። ዲባባ አባታቸው ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የሚኖር አንድ የሐበሻ ቤተሰብም አየር ማረፊያ ላይ አባት በራሱ አባት ስም፣ እናት በራሷ አባት ስም፣ ልጆች በአባታቸው ስም ሆነው ሲቀርቡ አንድ ቤት መሆናቸውን ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

ከዚህ የከፋም አለ። ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ ከሄዱ እኅቶቻችን ብዙዎቹ ሥራ ለማግኘት ሲሉ ፓስፖርታቸው ላይ የሌላ ሃይማኖት ስም አስጽፈው ሄደዋል፤ አሠሪ ደግሞ ለአፉ የቀለለውን ስም ይለጥፍባቸዋል። እዚሁ በከተሞቻችን ውስጥም የቤት ሠራተኛን ሁሉ «ማሚቴ» የሚሉ አሉ። ይህ ሊቆም ይገባል። ስም ያላትን ሴት ስሟን ነጥቆ መጥራት ነውር ነው።

አሁን ያሳሰበኝን ልናገር። የእኛ ሴት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ የእሷን ስም ይዞ የሚኖር ግን የለም። ልጇ በአባቱ ስም፣ የልጅ ልጇ በልጇ ስም ይጠራል። ስሟ ከሁለት ትውልድ በኋላ ከመዝገብ ይወጣል። ዕድሩ ሲለፍፍ እንኳ «የእገሌ ባለቤት ዐርፈዋል» ይላል።

ድሮ ይህን የሚከላከል አንድ ነገር ነበር፤ ርስት። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ እስከ ዋናው አቅኚ አባት ድረስ ሐረጉን መቁጠር ነበረበት፤ ሐረጉ በቅድመ አያቱ እናት በኩል ከሆነ የእሷን ስም ካልያዘ መሬቱ የለም። ስለዚህ ገበሬው የሞቱ ሴቶችን ስም ከነአባታቸው በቃሉ ያውቅ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ለጭሰኛውና መሬት ላጣው ፍትሕ መጣ፤ እነዚያን ስሞች የመያዝ ግዴታ ግን አብሮ ቀረ።

ሁለት ነገር በምትኩ መጥቷል። በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ይጻፋል፤ የሰባታሚቷ ጥሩነሽ እዚያ ላይ የሺም የአበበ እናትም አይደለችም፣ ከነአባቷ ስም ጥሩነሽ ናት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የእናትን ስም ያሰፍራል። ልጅዎን ገና ካላስመዘገቡ ወደ ቀበሌዎ ይሂዱ።

የሰባት ቤት ቆጠራ ደግሞ በሁለቱም ወገን ነው የሚቆጠረው፤ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ የእናትንም ዘር ይጠይቃል። እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው፤ የእናታቸውን፣ የእናታቸውን እናት፣ የአማታቸውንም ስም። መጠሪያውን፣ የክርስትናውን፣ ሙሽራ ሳሉ የወጣላቸውን ጭምር። ከነአባታቸው ስም ደብተር ላይ ይጻፉት፤ ልጆችዎም እንዲያነቡት ያድርጉ።